ከአውቶቡሱ በፊት የሚታቀደው፤ የሕዝብ ማመላለሻ በሦስት ከተሞች የአደጋ ቀን

የከተማ ማመላለሻ ሥራ የሚታቀደው በልማድ ላይ ነው። ትናንት ጧት በ2 ሰዓት ከሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ሥራው የሄደ ሰው ነገም በዚያው ሰዓትና በዚያው መሥመር እንደሚሄድ፣ ማታም እንደሚመለስ ይገመታል። አውቶቡሱ ጧት ሞልቶ ወደ መሐል ከተማ ይገባል፤ ማታ ሞልቶ ወደ ዳር ይወጣል፤ አንዱ መቀመጫም በቀን ውስጥ ብዙ ተሳፋሪ ይፈራረቅበታል። የተሽከርካሪው ብዛት፣ የነጂው ፈረቃ፣ የነዳጁ ፍጆታና የጥገናው ተራ የሚሰላው ከዚህ ድግግሞሽ ተነሥቶ ነው።

የአደጋ ቀን ይህን ስሌት ከመሠረቱ ይገለብጠዋል። ያን ዕለት ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል። በዘወትር ቀን ከቤት የማይወጡት በሽተኞች፣ አረጋውያን፣ አራሶችና ሕፃናት የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ይሆናሉ። ነጂውም የሚያድነው ቤተሰብ ያለው ሰው መሆኑ የሚታወሰው ያን ዕለት ነው።

ስለ አደጋ ጊዜ መጓጓዣ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት አውቶቡስ አለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀዳሚው መሆኑ ግን ያሳስታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ለንደን፣ በ1986 ፕሪፕያት፣ በ2005 ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ያሳለፉት ታሪክ ተሽከርካሪ ብቻውን ሰው እንደማያድን ያስረዳል። ትእዛዝ ወደ ጉዞ በሚለወጥበት፣ ሰው ከቤቱ ወደ መሳፈሪያው በሚደርስበት፣ ተሽከርካሪ ከነጂ ጋር በሚገናኝበት፣ ተጓዡም ለተቀባዩ በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ዕቅዱ ይጸናል ወይም ይፈርሳል። በመገጣጠሚያ ላይ የተሠራ ስሕተት የአግዳሚውን ጥንካሬ ሁሉ ከንቱ እንደሚያደርገው ለመሐንዲስ መንገር አያሻም።

ለንደን፤ በጊዜ ሰሌዳ የተመራ ስደት

በ1930ዎቹ መጨረሻ የብሪታንያ መንግሥት አንድ ከባድ ሥጋት ነበረበት። ጦርነት ቢነሣ የጀርመን አውሮፕላኖች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታላላቆቹን ከተሞች ይደበድባሉ፤ ሕዝቡም ተደናግጦ በየአቅጣጫው ሲፈስ መንገዱና የባቡር ሃዲዱ ይታነቃል የሚል ነበር። ይህን ለመከላከል በ1938 በሰር ጆን አንደርሰን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ሐሳቡን አቀረበ። የኮሚቴው ሐሳብ ዋና ዋና ነጥቦች አራት ነበሩ። ከከተማ መውጣት በፈቃደኝነት እንጂ በግዳጅ አይሆንም፤ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ሆነው ከመምህሮቻቸው ጋር ይጓዛሉ፤ በተቀባይ አካባቢ ያሉ ባለቤቶች ትርፍ ክፍላቸውን እንዲሰጡ ይገደዳሉ፤ ወጪውን መንግሥት ይችላል። አገሪቱም ሕዝብ የሚወጣባቸው፣ ሕዝብ የሚቀበሉና ከሁለቱም ነጻ የሆኑ ተብለው በሦስት ዓይነት አካባቢዎች ተከፈለች።

ትምህርት ቤቱን የጉዞው አሃድ አድርጎ መምረጥ የዕቅዱ ትልቁ ብልሃት ነበር። ትምህርት ቤት ስም ዝርዝር አለው፤ ሁሉም የሚያውቀው መሰብሰቢያ ግቢ አለው፤ የሚታዘዝ ሕፃንና የሚያዝ መምህር አለው። ለእያንዳንዱ ቤት መልእክተኛ መላክ ሳያስፈልግ ለመምህሩ አንድ ቃል መላክ በቂ ነበር። ሕፃናቱ ከትምህርት ቤት በእግር ወይም በአውቶቡስ ወደ ቅርብ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይወሰዳሉ። ከዚያም እንደ ኢሊንግ ብሮድዌይ ባሉ የከተማ ዳር ጣቢያዎች ወደ ረጅም ርቀት ባቡር ይዛወራሉ። በዚህም በመሐል ከተማ ያሉት ታላላቅ ጣቢያዎች እንዳይጨናነቁ ተደረገ።

ትእዛዙ የተላለፈው ነሐሴ 31 ቀን 1939 ከጧቱ 5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ሲሆን ጉዞው በማግሥቱ ተጀመረ። ጦርነት የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከለንደንና ከሌሎች ከተሞች ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወጣ። ከዚህ ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ያለ ወላጅ የተጓዙ ተማሪዎች፣ ከ500 ሺህ በላይ ደግሞ እናቶችና ለትምህርት ያልደረሱ ልጆቻቸው ነበሩ። ከትራንስፖርት አንጻር ሲታይ ሥራው የሚያስደንቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ዕቅዱ ያልጠበቀው ነገር ደረሰ፤ የመጣው ሰው ከታሰበው እጅግ አነሰ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚጓዝ ተገምቶ ባቡር ተዘጋጅቶ ነበርና በየጣቢያው ግማሽ ባዶ ፉርጎ ይታይ ጀመር። የጣቢያ ሠራተኞች ዋና ጭንቀት መድረኩ ሳይዘጋ ባቡሮች እየተከታተሉ እንዲወጡ ማድረግ ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ በወጣው የመድረሻ ዝርዝር መሠረት ከመጠበቅ ይልቅ ባቡሩ በሞላ ቁጥር ወዲያው መልቀቅ ያዙ። በሠራተኛው ዓይን ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ በሰዓት የሚወጣውን ሰው ቁጥር አሳድጓልና። ውጤቱ ግን በሌላኛው ጫፍ ታየ። ለተማሪዎች የተዘጋጀ ከተማ እርጉዝ ሴቶችን ተቀበለ፤ ለእናቶች አልጋ ያነጠፈ መንደር የወንዶች ትምህርት ቤት ወረደበት፤ አንድ ትምህርት ቤትም በተለያዩ መንደሮች ተበታተነ። በረጅሙ ጉዞ ላይ ከተሰማሩት ባቡሮች አንዳንዶቹ መተላለፊያ የሌላቸው፣ ስለዚህም ሕፃናት መጸዳጃ የማያገኙባቸው ነበሩ። ባላገሩ ደክመውና ቆሽሸው የወረዱትን ልጆች ሲያይ ስለ ከተማ ሰው አስተዳደግ ክፉ ነገር አሰበ፤ ያየው ግን የፉርጎ ምርጫ ያመጣውን ጉድለት ነበር።

እነሆ ማጓጓዝና ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው በዚህ ታወቀ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቦምብ ባለመውደቁም ተጓዡ በገዛ እጁ መመለስ ጀመረ፤ እስከ ጥር 1940 ድረስ ወደ 900 ሺህ ያህሉ ወደ ከተማቸው ተመልሰው ነበር። እውነተኛው ድብደባ መስከረም 7 ቀን 1940 ሲጀምር ብዙዎቹ እንደገና ከተማ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ማመላለሻው ሌላ ዓይነት አገልግሎት ተጠየቀ። መንግሥት የምድር ውስጥ ጣቢያዎች መጠለያ እንዲሆኑ አልፈለገም ነበር፤ ሕዝቡ ግን ርካሽ ቲኬት እየገዛ ወረደና አልወጣም አለ። መስከረም 27 ቀን 1940 ሌሊት በተደረገው ቆጠራ ወደ 177 ሺህ የሚጠጋ ሰው በጣቢያዎቹ አድሮ ነበር። አስተዳደሩም እውነታውን ተቀብሎ በመድረኩ ላይ ለተሳፋሪና ለተጠላይ የሚሆነውን ቦታ በነጭ መሥመር ለየ፤ ተደራራቢ አልጋዎችን ተከለ፤ ምግብ የሚያዞሩ ባቡሮችን አሰማራ። በቴምዝ ወንዝ ሥር የሚያልፉት ዋሻዎች ቢመቱ ውሃው የከተማውን ሃዲድ ሁሉ እንዳያጥለቀልቅም በኤሌክትሪክ የሚዘጉ በሮች አስቀድመው ተገጥመው ነበር። በ1938ቱ የሙኒክ ቀውስ ጊዜ ለዚህ ሥራ የነበረው ብቸኛ መላ ዋሻውን በኮንክሪት መድፈን፣ ማለትም አገልግሎቱን ማቋረጥ ነበር። በአንድ ዓመት ዕድሜ ውስጥ ከመድፈን ወደ መዝጊያ በር መሻገሩ በፋታ ጊዜ የተሠራ የምሕንድስና ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያመለክታል።

ፕሪፕያት፤ ለእያንዳንዱ ደጃፍ አውቶቡስ

ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ በሶቪየት ዩክሬን የቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ 4ኛ ክፍል ፈነዳ። የማመንጫው ሠራተኞች የሚኖሩባት የፕሪፕያት ከተማ ከቦታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ወደ 49 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪም ነበራት። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ሕፃናት ትምህርት ቤት ዋሉ፤ ሰርግም ተደገሰ፤ የሩቅ ስልክ መሥመሮች ግን ተቋርጠው ነበር።

በዚያው ሌሊትና በማግሥቱ ከ1,100 በላይ አውቶቡሶች፣ አብዛኛዎቹ ከኪየቭ ከተማና ከአካባቢዋ ተሰብስበው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በከተማዋ አጠገብ ቆሙ። በያኖቭ ባቡር ጣቢያም ባቡሮች ተዘጋጁ። እሑድ ሚያዝያ 27 ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ በሬዲዮ ማስታወቂያ ተነገረ፤ ነዋሪው መታወቂያውንና ለጥቂት ቀን የሚሆን ስንቅ ይዞ ከየሕንጻው ደጃፍ እንዲጠብቅ ታዘዘ። በ8 ሰዓት አውቶቡሶቹ ገቡ። 11 ሰዓት ገደማ ከተማዋ ባዶ ነበረች።

መሐንዲስ ይህን ቁጥር ቢመረምር ምሥጢሩን በቀላሉ ያገኘዋል። 49 ሺህ ሰው ለ1,100 አውቶቡስ ቢካፈል ለአንዱ 45 ያህል ሰው ይደርሰዋል፤ ይህም የአንድ አውቶቡስ መደበኛ ጭነት ነው። እንግዲህ ምልልስ አላስፈለገም ማለት ነው። አንድም አውቶቡስ ሰው አራግፎ ወደ አደጋው ቦታ እንዲመለስ፣ አንድም ቤተሰብ ሁለተኛውን ዙር እንዲጠብቅ አልተደረገም። መሳፈሪያው የየሰው ደጃፍ በመሆኑ ከቤት እስከ ፌርማታ ያለው ርቀትም ወደ ጥቂት እርምጃ ወረደ። ፎቅ ቤቶቹ ተራ በተራ፣ መግቢያዎቹም በየቁጥራቸው ተለይተው አውቶቡስ ተመደበላቸው። የተሽከርካሪ ብዛት፣ የመሳፈሪያ ቅርበትና የጊዜ ቅደም ተከተል በአንድ ላይ የተገጣጠሙበት እንዲህ ያለ ሌላ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን ከፍንዳታው እስከ መጀመሪያው አውቶቡስ መነሣት ድረስ 36 ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። በቦሪስ ሽቸርቢና የሚመራው የመንግሥት ኮሚሽን ከቦታው የደረሰው ቅዳሜ ማታ ነው። አውቶቡሶቹ ቀርበው ሳለ ውሳኔው ገና ነበር፤ የጨረሩ መጠን በደንቡ ከተጻፈው ወሰን ደርሷል ወይስ አልደረሰም እየተባለ ተከራከሩ፤ ድንጋጤ እንዳይነሣና ወሬ እንዳይሰማ የሚለውም አሳብ ሚዛን ደፋ። ሕዝቡ በ3 ሰዓት ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል በተረጋገጠበት ከተማ፣ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሕፃናት በደጅ ሲጫወቱ አለፈ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው መዘግየት ነው።

የመጨረሻውም መገጣጠሚያ እንዲሁ ደካማ ነበር። ተጓዡ ለጥቂት ቀን ነው ተብሎ ስለወጣ የዕድሜ ልክ ንብረቱን ጥሎ ሄደ፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰም። ከመድረሻዎቹ አንዷ የነበረችው የፖሌስኮዬ ወረዳ ራሷ በጨረር የተበከለች ሆና ተገኘችና ነዋሪዎቿ ከጊዜ በኋላ በተራቸው እንዲለቁ ተደረገ። አውቶቡሱ ሰውን ከአደጋ ቀጠና አውጥቶ ሌላ ቀጠና ውስጥ ቢያራግፈው በማጓጓዣው ክፍል መዝገብ ጉዞው የተሳካ ተብሎ ይጻፋል፤ በተጓዡ ሕይወት ግን አልተሳካም።

ኒው ኦርሊንስ፤ መኪና የሌለው ቤተሰብ

በአሜሪካ ደቡብ የምትገኘው ኒው ኦርሊንስ ሰፊ ክፍሏ ከባሕር ወለል በታች የሆነና በግድብ የተከበበች ከተማ ናት። የአውሎ ነፋስ አደጋ ለእርሷ ድንገተኛ አይደለም። በ2004 «ፓም» በተባለ የልብ ወለድ አውሎ ነፋስ ላይ የተመሠረተ የባለሥልጣኖች ልምምድ ተደርጎ የከተማዋ መጥለቅለቅ በዝርዝር ተተንብዮ ነበር። በዚያው ዓመት «አይቫን» ሲመጣ በአውራ ጎዳና ላይ የታየው መጨናነቅም ትምህርት ሆኖ፣ የመንገዱ ሁለቱም ጎኖች ወደ ውጭ ብቻ እንዲያስኬዱ የሚያደርግ የተሻሻለ ሥርዓት ተዘጋጀ።

«ካትሪና» በነሐሴ 2005 ስትቃረብ ይህ የመንገድ ሥርዓት በሚገባ ሠራ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከከተማዋና ከአካባቢዋ በመኪና ወጣ። እስከዚህ ድረስ ሥራው ሊመሰገን ይገባዋል። ዕቅዱ ግን የታቀደው መኪና ላለው ሰው ነበር። በከተማዋ ከ4 ቤተሰብ ከአንዱ የሚበልጠው መኪና አልነበረውም፤ ይህም በሰው ሲቆጠር ወደ 100 ሺህ ይደርሳል።

የግዴታ መውጫው ትእዛዝ የተሰጠው እሑድ ነሐሴ 28 ጧት ነው፤ አውሎ ነፋሱ የደረሰው ሰኞ ንጋት ላይ ነው። በመካከሉ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም። 100 ሺህ ሰው በ50 ሰው አውቶቡስ ለማውጣት 2,000 ጉዞ ያስፈልጋል። 400 አውቶቡስ ተገኘ ብንል እንኳ እያንዳንዱ አምስት ጊዜ መሄድ አለበት፤ በጣም ቅርብ የሆነችው ትልቅ ከተማ ባተን ሩዥ ግን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱም በመኪና ሞልቷል። በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት ይህን መፈጸም ለማንም አይቻልም። የሚቻለው ከሌሎች አውራጃዎች አውቶቡስ አስቀድሞ በውል በማስጠጋት፣ ትእዛዙንም ቢያንስ በሁለት ቀን በማስቀደም ነበር። ስለዚህ የከተማው አውቶቡሶች ሰውን ከየመሰብሰቢያው አንሥተው ከከተማ ሳያወጡ ሱፐርዶም ወደተባለው ትልቅ ስታዲየም ወሰዱት። የማይቻለውን ጉዞ በሚቻለው አጭር ጉዞ ተኩት፤ ሰዉ ግን ከውሃው መንገድ አልወጣም።

ግድቦቹ ተጥሰው ከከተማዋ 80 በመቶ የሚሆነው በውሃ ተሸፈነ። በአንድ ማደሪያ ቦታ ተሰልፈው የቆሙ ከ200 የማያንሱ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች እስከ መስኮታቸው ሰጥመው የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ። ብዙ ሰው ፎቶግራፉን አይቶ «አውቶቡስ ነበራቸው!» አለ። ነጂዎቹስ? የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ በእሑድ ቀን ቤቱ ያለ፣ ምናልባትም ቤተሰቡን ይዞ አስቀድሞ የወጣ ሠራተኛ ነው። በአደጋ ቀን ይመጣል የሚል ውል አልነበረውም፤ ልጆቹን ማን እንደሚያወጣለትም የነገረው አልነበረም። የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶችም በየፊናቸው የመጓጓዣ ውል ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የተዋዋሉት ከእነዚያው ጥቂት ድርጅቶች ጋር ነበር። አንዱ አውቶቡስ በወረቀት ላይ ለብዙ ቤት ተቆጥሮ ነበር ማለት ነው። ከውጭ የተጠሩት አውቶቡሶች በብዛት የደረሱት አውሎ ነፋሱ ካለፈ ከ3 ቀን በኋላ ሲሆን ስታዲየሙ ባዶ የሆነው መስከረም 3 ነው። በአደጋው ከ1,300 ያላነሰ ሰው ሞተ፤ በሉዊዚያና ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር።

አራት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ «ሪታ» የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ ወደ ቴክሳስ ሲያመራ በካትሪና የደነገጠው የሂውስተንና የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወጣ። መንገዱ ለብዙ ሰዓት ታነቀ። መስከረም 23 ቀን 2005 ከአረጋውያን መኖሪያ ቤት ሰዎች ይዞ የወጣ አንድ አውቶቡስ ከ14 ሰዓት በላይ ከተጓዘ በኋላ በዳላስ አጠገብ ተቃጥሎ 23 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት ለማንኛውም ጋራዥ የሚገባ ነው፤ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ በቂ ግራሶ ስላልነበረው ግሎ እሳት አስነሣ። ተሳፋሪዎቹ በራሳቸው መውረድ የማይችሉ፣ ኦክስጅን የያዙም ነበሩ። የዘወትር ጥገና ቸልታ በዘወትር ቀን መንገድ ላይ ያስቆማል፤ በአደጋ ቀን ግን ይገድላል።

ኒው ኦርሊንስ ከዚህ ሁሉ ተምራለች። «ጉስታቭ» በ2008 ሲመጣ በከተማዋ 17 መሳፈሪያ ቦታዎች አስቀድመው ታውቀው ነበር። ሰዉ ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ወደ ማዕከላዊው ባቡርና አውቶቡስ ጣቢያ ተወስዶ፣ ተመዝግቦ፣ በረጅም ርቀት አውቶቡስና በባቡር ወጣ። ወደ 18 ሺህ ሰው በዚህ መንገድ ተጓዘ። ቆየት ብሎም በየመሳፈሪያው ከ4 ሜትር የሚበልጥ፣ እጁን አንሥቶ ተሽከርካሪ የሚያስቆም ሰው የሚመስል የብረት ሐውልት ተተከለ። ሐውልቱ ለጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሰው በሰላም ቀን በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር የአደጋ ቀን ፌርማታውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ይህም ሆኖ ዕቅዱ ወሰን አለው። «አይዳ» በነሐሴ 2021 በፍጥነት ስትጠነክር ለሰፊ ማስወጣት የሚያስፈልገው 72 ሰዓት አልነበረም። የከተማው አስተዳደርም የግዴታ ትእዛዝ ለማውጣት ጊዜ እንደሌለ አስታወቀ። ጊዜ ከጠፋ የመሳፈሪያው መታወቅ ብቻውን አይበቃም።

ከሦስቱ ከተሞች የሚወሰደው ትምህርት

ሦስቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጉድለቱ ቦታ እንደሚለያይ ይታያል። ለንደን ጊዜ፣ ባቡርና መሳፈሪያ ነበራት፤ መድረሻው ላይ ተሳነች። ፕሪፕያት ተሽከርካሪና መሳፈሪያ ነበራት፤ ውሳኔው ዘገየባት። ኒው ኦርሊንስ ትንበያና መንገድ ነበራት፤ መኪና ለሌለው ሰው መሳፈሪያም ነጂም አላዘጋጀችም። በአንዳቸውም ዘንድ ዋናው ችግር የሞተር ጉልበት ወይም የመቀመጫ ቁጥር ብቻ አልነበረም።

ያለ ዕቅድ የተሳካ ሥራ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። መስከረም 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክ ከማንሃታን ጫፍ ወደ 500 ሺህ የሚገመት ሰው 9 ሰዓት ያህል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በጀልባ ተሻገረ፤ ጀልባዎቹ የተጠሩት በዕለቱ በሬዲዮ ነበር። ነገር ግን መሻገሪያው የደቂቃዎች መንገድ ነው፤ አንድ ጀልባ ደጋግሞ መመላለስ ይችላል። የጀልባዎቹ አዛዦች ወደቡን፣ ማቆሚያውንና እርስ በርሳቸው በየቀኑ ይተዋወቁ ነበር። በሌላ አነጋገር መገጣጠሚያዎቹ በዘወትር ሥራ ተሠርተው ያለቁ ነበሩ።

ከዚህ በመነሣት ለማንኛውም ከተማ የሚቀርቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው? በየትኛው የመለኪያ ቁጥር? ቁጥሩ አስቀድሞ ካልተጻፈ በዕለቱ ክርክር ይሆናል። ሁለተኛ፣ ተሽከርካሪ የሌለው ሰው የት እንደሚጠብቅ ዛሬ ያውቃል? ሦስተኛ፣ ነጂው በውል ታስሯል? ቤተሰቡስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይወጣል? አራተኛ፣ ተቀባዩ ማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚመጣበት ተነግሮታል?

ጥያቄዎቹ ለእኛም እንግዳ አይደሉም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቋል፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በኒው ኦርሊንስ መኪና የሌለው ከ4 ቤተሰብ አንዱ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን አብዛኛው ሕዝብ የሚንቀሳቀሰው በእግሩ፣ በአውቶቡስና በሚኒባስ ታክሲ ነው። ስለሆነም የግል መኪናን መነሻ ያደረገ የውጭ አገር ዕቅድ ቢገለበጥ አይጠቅመንም። በሌላ በኩል ሌላው የሌለው ሀብት አለን። የሚኒባስ ባለንብረቶች በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ መሥመራቸው በታፔላ የታወቀ ነው፤ በየመነሻው ሰልፍ የሚያስይዝ ተራ አስከባሪ አለ፤ ሕዝቡም ፌርማታውን ያውቃል። ለንደን ትምህርት ቤቱን የጉዞ አሃድ እንዳደረገች ሁሉ በዚህም ላይ መመሥረት ይቻላል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በበኩሉ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ኃይል በተቋረጠ ጊዜ በየድልድዩ ላይ የቆመ ተሳፋሪ በየት በኩል እንደሚወርድና ማን እንደሚቀበለው በዕቅድ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

እነዚህ ሥራዎች አብዛኛዎቹ አዲስ አውቶቡስ መግዛት አይጠይቁም። የሚጠይቁት የስም ዝርዝር፣ የስልክ ቁጥር፣ የውል ወረቀት፣ የፌርማታ ምልክት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ልምምድና በሰዓቱ የተቀባ ኩሽኔታ ነው። ማናቸውም ተመርቀው አይታዩም፤ በበጀት ዓመቱ መጨረሻም እንደ ታላቅ ግንባታ አይዘገቡም። ይሁንና አደጋው በደረሰ ዕለት ማንም ሊገዛቸው የማይችላቸው ነገሮች እነዚህ ብቻ ናቸው።